ልጅቷን ለቡናው ወቅት አጋሮ ብንልካትስ?

«በጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የመጀመሪያ ልጃችን ሰባት ወር ሞልቷታል። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች፤ ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስናስመዝናት 7.4 ኪሎ ሆናለች። እኔ ቡና ከገበሬ ተረክቦ ለላኪ በሚያቀርብ ድርጅት እሠራለሁ። ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ካሸር ስትሆን፣ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ከገባች አራት ወር ሊሆናት ነው። ልጃችንን ቀን ቀን የምትይዝልን ከአጋሮ የመጣችው እናቴ ናት።

«ችግራችን የጀመረው በሌሊቱ ነው። በአራተኛ ወሯ እስከ ንጋት ትተኛ የነበረች ልጅ አሁን አራት አምስት ጊዜ ትነቃለች፤ ጡት ካላገኘችም አትተኛም። እናቴ “የሚስትህ ወተት ቀጥኗል፣ ልጅቷ ርቧት ነው” ትላለች፤ ማር ማላስና አጥሚት በጡጦ መስጠት ትፈልጋለች። ባለቤቴ ደግሞ ነርሷ ካለቻት ነገር ንቅንቅ አትልም። ዝናቡ ስላላባራ ጨርቁን የምናደርቀው ልጅቷ በምትተኛበት ክፍል ከሰል አያይዘን ነው፤ በዚህም ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። እናቴ ለቡና ለቀማ በመስከረም መጨረሻ ወደ አጋሮ መመለስ አለባት፤ እኔም ያኔ ገጠር ለገጠር ስዞር ነው የምከርመው። ስለዚህ እናቴ “ልጅቷን እስከ ታኅሣሥ ይዣት ልሂድ” ስትል ሐሳቡ ጥሩ መሰለኝ። ለባለቤቴ ስነግራት ስታለቅስ አመሸችና “አንተ እዚህ ቤት እንግዳ ነህ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህም ከሥራ ስትመለስ ብዙ ጊዜ ታለቅሳለች። ምን ባደርግ ይሻላል?»

የሰባት ወር ልጅ አባት፣ ከጅማ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከጻፉልን ሁሉ ቀን የተቆረጠለት የአጋሮው ጉዳይ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ልጅዎን ለሦስት ወር ከእናቷ ለይታችሁ እንድትልኩ አልመክርም። ይህን የምለው እናትዎ አይንከባከቧትም ብዬ አይደለም፤ እስካሁን የተንከባከቧትም እሳቸው ናቸው። ነገር ግን በለቀማ ወቅት አጋሮ ላይ ልጅቷን ማን ሊይዛት ነው? እናትዎ የሚመለሱት ለቡናቸው ነው፤ የቀላ ቡና ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ተለቅሞ ብቻም አያበቃም፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ ደመና ሲከብድ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት ማብራራት አይጠበቅብኝም። መዳህ የጀመረች ልጅ በዚያ ሩጫ መካከል ወይ ከጎረቤት ልጅ ጀርባ ላይ ታዝላ ትውላለች፣ ወይ ከቡናው አልጋ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ያገኘችውን ፍሬ ወደ አፏ ስትከት ትገኛለች። ስለዚህ ሐሳቡ ለባለቤትዎ ብቻ ሳይሆን ለእናትዎም የሚከብድ ነው፤ እናትዎ ግን የልጃቸውን ቤት ጭንቀት አይተው ዝም ማለት ስላልቻሉ ያቀረቡት ይመስለኛል።

ዕድሜዋም ለመለየት የሚመች አይደለም። ሕፃን ልጅ ከሰባትና ከስምንት ወሩ ጀምሮ የራሱን ሰው ከሌላው አጥርቶ ይለያል፤ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር ያለቅሳል፣ እንግዳ ሰው ሲያነሣው ፊቱን ያዞራል። ይህ ጠባይ የሚበረታው ልጅዎ አጋሮ ትከርማለች በተባለበት ወራት ነው። ከዚህ ሌላ ለሳምንታት ያልተጠባ ጡት ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልጅቷ በታኅሣሥ ስትመለስ ልትጠባ ብትፈልግም የምታገኘው ነገር ላይኖር ይችላል። የጤና ባለሙያዎች ጡት ማጥባት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል የሚመክሩ በመሆኑ፣ በዘጠነኛ ወሯ ድንገት ማቋረጥ በቀላሉ የሚታለፍ ውሳኔ አይደለም። የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቷም መስከረም ላይ ይውላል። አጋሮም ጤና ጣቢያ ስላለ ክትባቱ ብቻውን ላለመላክ ምክንያት ይሆናል አልልም፤ ግን ካርዷ፣ የክብደት ክትትሏና የምታውቃት ነርስ ያሉት ጅማ ነው።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እሑድ ጠዋት ልጅቷን ከእናቷ ጋር ወስዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ እናትዎም የልጅ ልጃቸውን ሳይናፍቁ ይከርማሉ። የሦስት ወሩን ጉዞ በዚህ ይተኩት።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የማሩም፣ የአጥሚቱም፣ የአጋሮውም ሐሳብ የተነሣው ልጅቷ ርቧታል ከሚል ግምት ነው። በላኩልን ቁጥር ስገምት ግን ይህ ግምት ልክ አይመስለኝም። ጤነኛ ሕፃን የተወለደበትን ክብደት እስከ አምስትና ስድስት ወሩ ድረስ እጥፍ ያደርሳል፤ የእርስዎ ልጅ ከ3.1 ተነሥታ 7.4 ኪሎ በመድረሷ እጥፉን አልፋ ሄዳለች፤ ለሰባት ወር ሴት ልጅም ይህ ጥሩ መካከለኛ ክብደት ነው። በቀጠነ ወተት እንዲህ ያለ ክብደት አይገኝም። ከስድስተኛው ወር በኋላ የክብደት ጭማሪው ከቀድሞው ዘገም ስለሚል አያቶች «ልጁ ቆመ» ብለው ይሰጋሉ። መታየት ያለበት ግን የአንድ ቀን ሚዛን ሳይሆን በካርዷ ላይ ከወር ወር የሚሠመረው መስመር ነው፤ መስመሩ ወደ ላይ እስከሄደ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ትነቃለች? ባለቤትዎ ጠዋት ወጥተው አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ያጣችውን ጡት፣ ከዚያም በላይ ያጣችውን የእናት ገላ፣ የምታገኘው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የቀኑን ድርሻዋን ወደ ሌሊት ታዞረዋለች። እናቶቻቸው ሥራ በገቡ ሕፃናት ላይ ይህ በብዛት የሚታይ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ መቀመጥና መዳህ ይጀመራል፣ ጥርስ ይወጣል፣ እንቅልፍም ይቆራረጣል። በአራተኛ ወሯ ትተኛ የነበረችው ልጅ አልተበላሸችም፤ አድጋለች። የሚያስፈልገው የቀኑን ጥቢ መመለስ ነው። ባለቤትዎ ጠዋት ልብስ ከመልበሳቸው በፊትና ማታ ቦርሳቸውን እንዳስቀመጡ፣ ቤቱ በጫጫታ ሳይሞላ፣ ልጅቷን ረጋ ብለው ያጥቧት። ባንኩ ቅርብ ከሆነ የምሳ ሰዓቱን ለዚሁ ይጠቀሙበት፤ የባጃጁን ነገር እርስዎ ያመቻቹ። የማይመች ከሆነ ደግሞ ሥራ ቦታ የታለበ ወተት ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሙቀቱ ባልበረታ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል እንጂ ወተቱ ምድጃ ላይ አይጣድም፤ ልጅቷ ጀምራ የተረፈውም ለማታ አይቀመጥም። ጡጦ ውስጡን በደንብ ማጠብ ስለሚያስቸግር በንጹሕ ሲኒና በማንኪያ መስጠት ይሻላል። እናትዎ ይህን አንድ ቀን ካዩ ከማንም በላይ የሚችሉበት እሳቸው ይሆናሉ።

ስለ ምግቡ፣ እናትዎ ግማሹን ትክክል ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ የእናት ወተት ብቻውን አይበቃም፤ በተለይ ልጅቷ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የመጣችው የብረት ማዕድን በዚህ ጊዜ እያለቀ ስለሚሄድ ከምግብ መተካት አለበት። ስለዚህ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋል፤ አጥሚት በጡጦ ግን ተጨማሪ ምግብ ሊባል አይችልም። አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ትንሿን ሆድ ይሞላል፣ ጡቱን ያስተዋል፣ ጉልበት ግን አይሰጥም። ለልጅ የሚሠራ ገንፎ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ፣ ልጅቷ በምላሷ ልታገላብጠው የምትችል መሆን አለበት። ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ተቆልቶና ተፈጭቶ ቢቀላቀል ጥሩ ዱቄት ይወጣዋል። በዚያ ላይ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን፣ አልፎ አልፎም ልሞ የተፈጨ ሥጋ ይጨመርበታል። ጅማ ደግሞ አቮካዶ ሞልቷል፤ በሹካ የተፈጨ አቮካዶ ሳይጣድ ሳይቀቀል የሚቀርብ ምግብ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሁለትና ሦስት ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ እስከ ግማሹ መድረስ በቂ ነው፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል። ጨውና ስኳር አያስፈልጋትም። ሻይና ቡናም፣ በጣት ጫፍ ማስቀመስ ልማድ ቢሆንም፣ ብረት ከሆዷ እንዳይሰርግ ስለሚያግዱ ይቅሩ።

ማሩን በተመለከተ ነርሷ ትክክል ናት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የጅማ ማር ስሙ የወጣ ነው፤ የነርሷ ክልከላ ግን ከጥራቱ ጋር አይገናኝም። በማር ውስጥ፣ ንጹሕ በሆነውም ውስጥ ሳይቀር፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ግን ሊያድግበት ስለሚችል ጡንቻን የሚያዝል፣ መተንፈስን እስከ መከልከል የሚደርስ መርዝ ይፈጠራል። ዘሩ በተለመደው ማፍላት አይሞትም፤ ስለዚህ «አሙቀን እንስጣት» የሚለው መላ አይሠራም። ማሩን ግን አይመልሱባቸው። ለባለቤትዎ ገንፎ ይሁን፤ እናት የበላችው ማር በወተቷ ወደ ልጅ ስለማይተላለፍ ምንም ሥጋት የለውም፣ አራት ጊዜ ስትነቃ ላደረች እናትም ይገባታል። ንጹሕ ቅቤ ደግሞ ገንፎው ላይ ጥቂት ጠብ ቢደረግ ጉልበት ይጨምራልና፣ በቅቤው ነገር ባለቤትዎ ለእናትዎ ቢለቁላቸው ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናትዎ የሚነግሯቸው ማን ናቸው? እስካሁን የተነጋገሩት ባለቤትዎ ይመስሉኛል፤ እርስዎ መሐል ቆመው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ምራት ለአማቷ «ይህን አይስጧት» ስትል ነገሩ ከማሩ ያልፋል፤ «አላውቅም ተባልኩ» የሚል ቅሬታ ይተክላል። ልጅ ለእናቱ ሲናገር ግን፣ ያውም ለብቻ፣ ከምስጋና ጋር፣ ቃሉ ሌላ ክብደት አለው። በተለይ የምመክርዎ በሚቀጥለው የክብደት ቀን ልጅቷን ይዘው ከእናትዎ ጋር ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነው። ባለቤትዎ ይቅሩ። እናትዎ ሚዛኑን ያዩ፣ ነርሷን ራሳቸው ይጠይቁ፣ መልሱን ከእሷ አፍ ይስሙ፤ ቤት ሲመለሱም «ነርሷ እንዲህ አለችኝ» የሚሉት እሳቸው ይሁኑ። ልጅቷ ስድስት ወር ከሞላት በኋላ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ወስዳ ካልሆነም በዚያው ይጠይቁ። እናትዎ ምናልባት ተቅማጥ በመጣ ቁጥር ጥርስ ነው፣ ግግ ነው የሚሉ ከሆነ ይህንንም እዚያው ያንሡት፤ ድድ ማስፋቅ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል እንጂ ተቅማጥን አያቆምም። ተቅማጥ ሲይዛት ጡቷ ሳይቋረጥ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ትወስዳለች፤ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃታት ወይም ደም ካስቀመጣት ሳይውል ሳያድር ትወሰዳለች።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የከሰሉ ነገር ነው። ጅማን የሚያውቅ ሰው በሐምሌ ጨርቅ ማድረቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጠዋት የተሰጣው ማታ እንደረጠበ ይገባል፣ ሁለት ቀን ያደረውም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እናትዎ ከሰል ማያያዛቸው ከስንፍና ወይም ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ደረቅ ጨርቅ ለማቅረብ ሲሉ ያደረጉት ነው። ነገር ግን ለብርዱ ተብሎ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ «አሁንስ ጠራ» በሚባልበት ሰዓት እንኳ መውጣቱን ይቀጥላል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ፈጠን ፈጠን ብላ ስለምትተነፍስ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት፤ ትልልቆቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማቸው እሷ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ልትዝል ትችላለች። ስለዚህ ማንደጃው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ጭቅጭቁም በዚህ ይቁም፤ በዚህ ጉዳይ ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው፣ እርስዎም ይህን በእናትዎ ፊት በግልጽ ሊናገሩ ይገባል።

በምትኩ ምን ይደረግ? በረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ሁለት ገመድ ወጥሮ ጨርቁን አራርቆ መስቀል፣ ከመሰቀሉ በፊት በሁለት ሰው እጅ አጥብቆ መጭመቅ፣ መብራት ሲኖር ደግሞ ርጥበት የቀረውን በካውያ መተኮስ ነው። ለክረምቱ ብቻ የጨርቁን ቁጥር መጨመር ከከሰሉ ወጪ አይበልጥም። የገበያ ዳይፐር ውድ ቢሆንም ለሌሊት አንድ ብቻ ቢጠቀሙ የጨርቁ ክምር ይቀንሳል፤ ልጅቷም በርጥበት ምክንያት አትነቃም።

ስለ እሳት ከተነሣ፣ ልጅቷ መዳህ ስትጀምር የሚመጣውን ከወዲሁ አስቡት። በእኛ ከተማ ቡና በቀን ሦስቴ የሚፈላበት ቤት ብዙ ነው። ረከቦቱ ከወለል ስንዝር ከፍ ቢል ነው፤ ሲኒው፣ ጀበናውና ማንደጃው ሁሉም በሚድህ ልጅ ዓይንና እጅ ትክክል ተደርድረው ይቀርባሉ። እስካሁን እቅፍ ውስጥ ሆና ታይ የነበረችውን ነገር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሷ ሄዳ ትጨብጠዋለች። ቡናው በሚፈላበት ሰዓት ልጅቷን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ፤ አፍዪዋ ልጅ ልትጠብቅ አትችልም። ቃጠሎ ከደረሰ የተቃጠለው ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይያዝ፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም እንቁላል አይቀባ፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ባለቤትዎ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ሲያገኙ፣ እርስዎ ያገኙት 3 ተከታታይ ቀናት ነው። በሦስት ቀን ልጅ ማጠብን፣ ማስገሳትን፣ ማስተኛትን የለመደ አባት የለም። ባለቤትዎ በሦስት ወር ተደጋጋሚ ሥራ ያወቁትን እርስዎ ዕድሉን ስላላገኙት አላወቁትም፤ በኋላም እናትዎ ስለመጡ ቦታው ተያዘ። ቤትዎ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ልጅዎ ሲከራከሩ እርስዎ ከዳኝነት በቀር ሥራ ያልነበረዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የባለቤትዎ ቃል ያማል፤ ነገር ግን መልሱ በንግግር የሚሰጥ አይደለም። አንድ ሁለት ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይረከቡ፤ ማንም ሳያስታውስዎ፣ ማንም ሳይከተልዎ የሚሠሩት ይሁን።

እኔ የምመርጥልዎ አንዱ የመጀመሪያውን የሌሊት እኩሌታ ነው። ባለቤትዎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አጥብተው ሌላ ክፍል ይተኙ፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጅቷ ብትነቃ የሚነሡት እርስዎ ይሁኑ። ክብደቷ በደህና እየጨመረ ያለች የሰባት ወር ልጅ አራት አምስት ሰዓት ሳትጠባ ብትቆይ አትጎዳም፤ ካስፈለገም የታለበ ወተት በሲኒ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለቅሶ ይበዛባቸዋል፤ እናትዎም «ኧረ ለእናቷ ስጣት» ብለው በሩን ማንኳኳታቸው አይቀርም። ይታገሡ። ከእርስዎ ገላ የወተት ሽታ ስለማይሸታት በእሹሩሩ መተኛትን ቀስ በቀስ ትለምዳለች፤ ባለቤትዎም ከወለዱ ወዲህ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ ይተኛሉ። ሁለተኛው ሥራ የልጅቷ ዱቄት ይሁን፤ እህሉን መግዛት፣ ማስለቀም፣ ማስቆላት፣ ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስፈጨት፣ ሳያልቅም መተካት። ኪሎ በኪሎ ቡና የሚረከብ ሰው ይህን አያቅተውም።

ለቡናው ወቅት ደግሞ ሞግዚት አሁኑኑ ፈልጉ፤ እናትዎ ከሄዱ በኋላ የተቀጠረች ሞግዚት የምትማርበት ሰው አታገኝም። በነሐሴ ከገባች ሁለት ወር ሙሉ ከእናትዎ እጅ ታያለች፤ እናትዎም የሚያስተምሩ እንጂ የሚባረሩ ሆነው አይሰማቸውም። ራሷ ልጅ የሆነች፣ ትናንት ከገጠር የመጣች ልጅ ቀጥራችሁ ምግቡንም፣ ልብሱንም፣ ሕፃኗንም በአንድ ላይ አትጫኑባት። እንዲህ ያለው ቅጥር በጣም ተለምዷል፤ ለእሷም ለልጃችሁም መጥፎ ነው። አዋቂ ሰው ፈልጉ፤ ምግብና ልብሱን ከእናንተ ጋር ተከፋፍላ ልጅቷን ዋና ሥራዋ ታድርግ፤ ደመወዟ በቀኑ ይከፈል፤ የዕረፍት ቀኗ ይከበር። ከመስቀል በፊት እናትዎ ቤት ውስጥ እያሉ ለጥቂት ቀናት እጃቸውን ሰብስበው ሞግዚቷ ብቻዋን ትሥራ። የዓመት ፈቃድዎን ያልጨረሱ ከሆነ ከእሱ ቆርጠው እነዚያን ቀናት እርስዎም ቤት ቢውሉ መልካም ነው፤ ድርጅቱም ለቀማው ሳይጋጋል መፍቀዱ ይቀለዋል። ከወቅቱ መግባት በፊት ለአለቃዎ የጨቅላ ልጅ አባት መሆንዎን ነግረው በሳምንት ሁለት ሌሊት ቤት የሚያድሩበትን ተራ ይጠይቁ። ቢከለከሉ እንኳ መጠየቅዎን ባለቤትዎ ይወቁት።

የቀረው የባለቤትዎ ለቅሶ ነው። የአጋሮው ሐሳብ ሲነሣ ማልቀሳቸው ማንንም እናት የሚያስለቅስ በመሆኑ አያስገርምም። ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ግን ከድካም ያለፈ ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ በአራስነት ብቻ የሚታይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን እስከ መጀመሪያው ዓመት መጨረሻ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሐዘን፣ ልጅቷ ተኝታም እንቅልፍ እንቢ ማለት፣ ምግብ መጥላት፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ መጥላት፣ «ጥሩ እናት አይደለሁም» የሚል ሐሳብ መመላለስ ምልክቶቹ ናቸው። ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ከተነሣ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም። ሕመሙ የሚታከም ነው፤ ሐኪሙ የሚያጠቡ መሆናቸውን ካወቀም ከማጥባት ጋር የሚስማማ ሕክምና ይመርጣል። ጤና ጣቢያው ሊጀምር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። «እብድ ተባልኩ» ብለው እንዳይሰጉ ነገሩን በእናትዎ ፊት አያንሡት፤ ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ ሌሊቱን ከተረከቡና ጥቂት እንቅልፍ ካገኙ በኋላ ይጠይቋቸው። እሺ ካሉ ቀጠሮውን እርስዎ ያስይዙ፤ በዕለቱም ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ልጅቷን ታቅፈው አብረው ይሂዱ፤ በመሐል መጥባት ብትፈልግ እናቷ እዚያው ናቸው።